የቮልስ ፍሬን ፔዳል ሲላላ፦ ከስፑርጎ በፊት የሚደረግ ምርመራና የጥገናው ቅደም ተከተል

ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወደ ወለሉ የሚወርድ ወይም እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀ እግርን መልሶ የሚገፋ ከሆነ፣ ከአብዛኛው ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ «አየር ገብቶበታል፤ ስፑርጎ ይደረግለት» (አየሩ ከዘይት መስመሩ ይውጣለት) የሚል ነው። አራቱም ጎማዎቹ በታምቡር (ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ ብረት) ለሚያዙ አሮጌ ቮልስዋገኖች ግን ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከአየር በፊት መጠርጠር ያለበት ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ በሚያቆመው ሸራና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ምክንያቱም ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ክፍተቱን በራሱ የሚያጠብ መሣሪያ የላቸውም፤ የሚያጠበው የሰው እጅ ብቻ ነው። የእኔ 1300 ሞዴል ቮልስ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስፑርጎ ተደርጎለት፣ ከዚያም አልፎ አዲስ ማስተር ሲሊንደር (የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈው ክፍል) ይገዛለት ከተባለ በኋላ፣ ችግሩ የተፈታው በአንድ ካቻቢቴ ሸራውን ወደ ታምቡሩ በማስጠጋት ነበር። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ወጪ ከማያስወጣው ምርመራ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ሥራ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱን ደረጃ ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው መዝለል ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላል።

መመሪያው የተጻፈው ዛሬም በከተሞቻችን የሚታዩትን የ1200 እና የ1300 ሞዴል ቮልሶች በማሰብ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽና ከዚያ በፊት የተሠሩት አራቱንም ጎማ የሚይዙት በአንድ የዘይት መስመር ስለሆነ፣ በየትኛውም ጎማ ላይ የተፈጠረ ማፍሰስ ፍሬኑን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ግን የፊቱና የኋላው መስመር የተለየ ሁለት ክፍል ያለው ማስተር ሲሊንደር አላቸው፤ በእነርሱ ላይ አንዱ መስመር ሲጠፋ ፔዳሉ በጣም ጠልቆ ከወረደ በኋላ ድንገት ይጠነክራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከፊት ዲስክ ያላቸው ሞዴሎች ባለቤቶችም የኋላውን ታምቡር በሚመለከት የሚጻፈውን ሁሉ እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከሥራው በፊት

ፔዳሉ የላላ መኪና ወደ ጋራዥ «ቀስ ተብሎ» አይነዳም። ምርመራው መኪናው ባለበት፣ በደልዳላ መሬት ላይ ይደረጋል። ጎማ በሚነሣበት ጊዜ መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ክሪኩ የሚያነሣ እንጂ የሚሸከም መሣሪያ አይደለም። የብረት መደገፊያ ይግባበት፤ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። በአሮጌ ቮልስ ላይ ሌላም የሚጨመር ጥንቃቄ አለ፤ በጎን ያለው የክሪክ መግቢያና የወለሉ ጠርዝ ብዙ ጊዜ በዝገት የተበላ ስለሆነ፣ ክብደቱን ከመስጠትዎ በፊት በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ብረቱ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ክሪክና መደገፊያ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ለአየር ማስወጫው ቡሎን የሚሆን ቁልፍ (በአብዛኞቹ ቮልሶች 7 ቁጥር ነው)፣ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባ አንድ ሜትር ያህል የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ያልተከፈተ የዶት 3 ወይም የዶት 4 ፍሬን ዘይት። ቀድሞ የተከፈተና በመደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት አይጠቀሙ፤ ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ወይም ማንኛውም የማዕድን ዘይት ወደ ፍሬን ማጠራቀሚያ ጠብታ እንኳ ከገባ የመስመሩን ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያሽጉ ላስቲኮች) ሁሉ ያሳብጣል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ዘይቱን መቀየር ሳይሆን ላስቲክ ነክ የሆነውን ክፍል ሁሉ አውጥቶ መተካት ነው። ፍሬን ዘይት ቀለምም ስለሚልጥ፣ በመኪናው አካል ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

በእግር የሚደረግ ምርመራ

የጥገናው ግማሽ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ቮልስ የፍሬን ማገዣ ሰርቮ ስለሌለው ሞተሩ ቢነሣም ባይነሣም ፔዳሉ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ሞተሩን አጥፍተው በጸጥታ ይመርምሩ። በፔዳሉ ሥር የተጣጠፈ ምንጣፍ ካለ አስቀድመው ያውጡት፤ ፔዳሉ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሲመስል ምንጣፉ ላይ ያረፈበት ጊዜ አለ።

በመጀመሪያ ፔዳሉን አንድ ጊዜ በመደበኛ ኃይል ይርገጡና የት ላይ እንደጠነከረ ያስተውሉ። ለቀቅ አድርገው ወዲያውኑ ሁለተኛ ጊዜ ይርገጡት። በመጀመሪያው ርግጫ ወደ ወለሉ ተጠግቶ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ሸራው ከታምቡሩ መራቁ ነው። ማስተር ሲሊንደሩ በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት የተወሰነ ነው፤ ሸራው ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ያ ዘይት ሸራውን በማድረስ ያልቃል፤ ሁለተኛው ርግጫ ግን ሸራው ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ስለሚያገኘው በቀላሉ ይይዛል። በተቃራኒው ፔዳሉ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ከፍ ቢልም እንኳ የመለጠጥ ጠባዩን ካልተወ፣ ማለትም እግርን እንደ ሞላ የሚገፋ ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም ላስቲክ ቱቦዎቹ በግፊት እየተነፉ ነው።

ቀጥሎ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ይያዙት። ዝም ብሎ ከቆመ መልካም ነው። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ዘይቱ አንድ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ወይ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ወይ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያረጀውን ጎሚኒ አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱን የሚለየው የማጠራቀሚያው መጠን ነው፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ማጠራቀሚያው ካልቀነሰና በውጭ ምንም እርጥበት ከሌለ ጥፋቱ የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ነው። ይህን ምርመራ በቀላል ርግጫም ይድገሙት፤ ያረጀ ጎሚኒ በከባድ ግፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይይዝና በቀላል ግፊት የሚያሳልፍበት ጊዜ አለና።

ሦስተኛው ምርመራ የእጅ ፍሬኑን መጠቀም ነው። የእጅ ፍሬኑን ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ያህል ይሳቡና ፔዳሉን እንደገና ይርገጡ። ቀድሞ ከነበረበት በግልጽ ከፍ ብሎ ከያዘ፣ የኋላው ሸራ ርቋል ማለት ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሸራውን ስላስጠጋው የእግር ፍሬኑ መንገድ አጥሯል። ይህች ትንሽ ዘዴ ብዙ ያልተፈለገ የዕቃ ግዢ ታስቀራለች።

የዘይት ማፍሰስ ፍለጋ

የፊቱን ኮፈን ከፍተው ከስኮርታ ጎማው ኋላ ያለውን የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ይመልከቱ። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት አካባቢውን በጨርቅ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎሚኒ ለመቅደድ ትበቃለች። መጠኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ በብዙ ወራት ውስጥ ጥቂት ይወርዳል፤ በሳምንት ውስጥ የሚታይ መቀነስ ካለ ግን የሚያፈስ ቦታ መኖሩ እርግጥ ነው። የዘይቱ መልክ ጠቁሮ እንደ ቡና ከሆነ ወይም ከሥሩ ዝቃጭ ካለ፣ ሌላው ጥፋት ምንም ይሁን ምን ዘይቱ በሙሉ መለወጥ አለበት።

ከዚያ የእያንዳንዱን ጎማ የውስጥ ጎን በእጅ ባትሪ ይመርምሩ። በጀርባ ላሜራው ታችኛው ጠርዝ ወይም በጎማው የውስጥ ግድግዳ ላይ እርጥበት ካለ በጣትዎ ይንኩት። ፍሬን ዘይት ቀጭን ሲሆን በውኃ ይለቃል፤ ከኋላ የሚመጣው የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ሽታው ከባድ ነው። የኋላው ሰሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጎሚኒ ሲያረጅ የካምቢዮ ዘይት ወደ ታምቡሩ ስለሚገባ፣ ሁለቱን ማምታታት በቮልስ ላይ የተለመደ ስሕተት ነው።

የማስተር ሲሊንደሩ ቦታ ከፔዳሎቹ ፊት ለፊት፣ በግራው የፊት ጎማ በኩል ነው። ጎማውን ካወጡ በኋላ በግልጽ ይታያል። በፔዳሉ በኩል ያለውን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በጥንቃቄ ገለጥ ያድርጉት፤ ከውስጡ ዘይት ከተንጠባጠበ የኋላው ጎሚኒ አልቋል። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ በማስተር ሲሊንደሩ ላይ የተገጠመው የፍሬን መብራት ማብሪያ ነው። በቮልስ ይህ ማብሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ሲሆን፣ ሲያረጅ በኤሌክትሪክ መያዣዎቹ መካከል ዘይት ያፈስሳል። የማብሪያው መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ማስተር ሲሊንደሩ በሙሉ የሚጣልበት ጊዜ ያሳዝናል።

የፔዳሉ ነጻ መንገድ

በፔዳሉ መግፊያ ዘንግና በማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ይህም በፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነጻ መንገድ ይሆናል። በጣትዎ ፔዳሉን ገፋ ሲያደርጉ ይህን ነጻ መንገድ ሊያገኙት ይገባል። ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ፔዳሉ ገና ሥራ ሳይጀምር መንገዱን ይጨርሳል። ምንም ነጻ መንገድ ከሌለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ዕረፍት ቦታው ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፣ ሸራው ታምቡሩን እያሸ ይግላል፣ መኪናውም ሳይረገጥ ይያዛል። የላላ ፔዳል ያስጨነቀው ሰው ዘንጉን እያስረዘመ ፔዳሉን ከፍ ለማድረግ የሚሞክረው በዚህ ላይ ነው፤ ይህን በምንም ምክንያት አያድርጉ። ዘንጉ የሚስተካከለው ነጻ መንገዱን ለማግኘት ብቻ ነው።

ሸራውን ማስጠጋት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። እያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራ፣ ለእያንዳንዱም ሸራ የራሱ ጥርሳም ማስተካከያ አለ፤ በአጠቃላይ ስምንት ማስተካከያ ማለት ነው። በቆዩት ሞዴሎች ወደ ማስተካከያው የሚገባው በታምቡሩ ፊት ባለ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳው ከማስተካከያው ትይዩ እስኪሆን ጎማውን ማዞር ያስፈልጋል። በኋላ በመጡት ላይ ግን ቀዳዳዎቹ በጀርባ ላሜራው ላይ ናቸው፤ በላስቲክ ክዳን ተሸፍነዋል።

የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ ሳይለቀቅ የተስተካከለ የኋላ ሸራ ውሸተኛ ነው። ጎማውን አንሥተው በነጻ መዞሩን ካዩ በኋላ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ሸራዎቹን መሐል ያስይዙ። ካቻቢቴውን በቀዳዳው አስገብተው ጥርሱን አንድ በአንድ ያዙሩ፤ ሁለቱ ማስተካከያዎች የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ላይ ሲጠብቅ ሌላው ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ጎማውን በሌላ እጅዎ እያዞሩ፣ ሸራው ታምቡሩን ነክቶ ጎማው ሲከብድ ያቁሙ። ፔዳሉን እንደገና ይርገጡ፣ ጎማው ከቀለለ ጥቂት ይጨምሩ። በመጨረሻ ጎማው በነጻ እስኪዞር ድረስ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ወደ ኋላ ይመልሱት። በጥቂቱ ሽው የሚል ድምፅ ቢቀር አያስጨንቅም፤ በአንድ ቦታ ብቻ የሚይዝና በሌላው የሚለቅ ከሆነ ግን ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷልና በቶርኖ መታየት አለበት።

ሁለተኛውን ሸራ፣ ከዚያም የቀሩትን ጎማዎች በዚሁ ሁኔታ ይጨርሱ። ጥርሱ በዝገት ደርቆ ካልዞረ በኃይል አይምቱት፤ ታምቡሩን ከፍቶ ማጽዳት ይሻላል። የፊት ጎማ ሲነሣ ላይና ታቹን ይዘው ይነቅንቁት፤ ኩሽኔታው ከላላ ታምቡሩ እየዋለለ ሸራውን ስለሚገፋው፣ የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት ፔዳሉ በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ ይወርዳል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ የሚያስተካክሉት ከሁሉ በኋላ ነው፤ አራት ጥርስ ያህል ሲሳብ የኋላ ጎማዎቹ በእጅ የማይዞሩ መሆን አለባቸው።

ይህን ሲጨርሱ በእግር የተደረገውን የመጀመሪያ ምርመራ ይድገሙ። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ሥራው እዚህ አልቋል፤ ስፑርጎም አዲስ ዕቃም አያስፈልግም።

ታምቡሩን መክፈት

ማፍሰስ ካለ ወይም ማስተካከያው መጨረሻው ላይ ከደረሰ ታምቡሩ ይከፈታል። የኋላው ታምቡር የሚያዘው 36 ቁጥር ቁልፍ በሚገባበት ትልቅ ዳዶ ሲሆን፣ ዳዶው መላላት ያለበት ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው። በተደገፈ መኪና ላይ በረጅም ቧንቧ መጎተት መኪናውን ከመደገፊያው ላይ ይጥላል። ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል፤ የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው ወደ ፊት ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ሽቦውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ከፊት በኩል የግራው ዳዶ ጥርስ የተገለበጠ ስለሆነ ለማላላት ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በዚያው በግራ ጎማ መሐል የፍጥነት መለኪያው ገመድ ስለሚያልፍ፣ ክዳኑን ከማውጣትዎ በፊት የገመዱን መያዣ ይንቀሉ።

በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ በኮምፕሬሰር አየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የጎማውን ሲሊንደር (ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋውን ክፍል) የአቧራ ላስቲኮች በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ከውስጥ ዘይት ከወጣ ሲሊንደሩ ይቀየራል። የውስጥ ግድግዳው ካልተበላ አዲስ ጎሚኒ ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ ግን አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ሳምንት ይቀደዳል። በዘይት የራሰ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፤ በዚያው አክስል ላይ ያለው የቀኙም የግራውም አብሮ ይለወጣል፤ አንዱ ብቻ ከተለወጠ መኪናው ሲያዝ ወደ ጎን ይጎትታል። የሸራው ውፍረት ከ2.5 ሚሊሜትር በታች ከሆነም ጊዜው አልፏል።

አዲስ ሸራ ተገጥሞ ፔዳሉ ሲለጠጥ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ታምቡሩ በቶርኖ ከሰፋ የአዲሱ ሸራ ቅስት ከታምቡሩ ጋር አይገጥምም፤ መሐሉ ብቻ ነክቶ ጫማው (ሸራው የተለጠፈበት ብረት) በግፊት ይታጠፋል፤ ያ መታጠፍ ለእግር እንደ አየር ይሰማዋል። መድኃኒቱ ሸራውን በታምቡሩ ልክ ማስሞረድ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በጥንቃቄ እየተነዳ ራሱ እስኪገጥም መታገስ ነው።

አየር ማስወጣት

ሸራው ተጠግቶ፣ የሚያፈስ ቦታ ተዘግቶ፣ ፔዳሉ አሁንም ከተለጠጠ፣ ስፑርጎ ተራው ደርሷል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሚጀመረው ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻም ግራ ፊት።

ከመጀመርዎ በፊት ከፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ ያግደዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ለዓመታት ያልደረሰበት የግድግዳ ክፍል በዝገትና በዝቃጭ የሻከረ ስለሆነ፣ በስፑርጎ ጊዜ እስከ መጨረሻ ሲገፋ ጤነኛው ጎሚኒ እዚያ ላይ ይቀደዳል። «ስፑርጎ ከተደረገ በኋላ ባሰበት» የሚባለው አቤቱታ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የአየር ማስወጫውን ቡሎን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ከደረቀ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ይተዉት፤ ከተሰበረ ሲሊንደሩን ማውጣት ግድ ይሆናል። ፕላስቲክ ቱቦውን ቡሎኑ ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቁት። ረዳትዎ «ርገጥ» ሲባል ፔዳሉን በዝግታ ይገፋል፣ «ያዝ» ሲባል ሳይለቅ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ቡሎኑን ግማሽ ዙር ከፍተው አረፋው ሲወጣ መልሰው ይዝጉት፤ «ልቀቅ» የሚለው ቃል የሚነገረው ቡሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ፔዳሉ በችኮላ ሲመታ ትልቁ አረፋ ወደ ብዙ ትናንሽ አረፋ ስለሚሰባበር ሥራው ይረዝማል፤ በርግጫና በርግጫ መካከል ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። በቱቦው ውስጥ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪታይ ይድገሙት። በየአምስት ወይም ስድስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ አንድ ጊዜ ካለቀበት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። በጠርሙሱ የተጠራቀመው ዘይት ተመልሶ አይጨመርም።

ረዳት ከሌለ፣ ቱቦውን ሰክተው ቡሎኑን ላላ አድርገው ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲንጠባጠብ መተው ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ማጠራቀሚያውን እየሞሉ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ጎሚኒዎቹን ምንም ስለማያስጨንቅ፣ ለአሮጌ መኪና እኔ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው። ዲስክ ያላቸው ደግሞ የአየር ማስወጫው ቡሎን ከላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ የቀኝና የግራው የዲስክ መያዣ (ካሊፐር) ተለዋውጦ ከተገጠመ ቡሎኑ ከታች ይውላል፤ አየሩም ከላይ ታስሮ ይቀራል።

ማስተር ሲሊንደርና ላስቲክ ቱቦ

አዲስ ማስተር ሲሊንደር ከተገጠመ፣ ከመግጠሙ በፊት በሞርሳ ላይ ተይዞ በዘይት ተሞልቶ፣ ፒስተኑ በዱላ ጫፍ ቀስ እየተገፋ አየሩ ሊወጣለት ይገባል። ደረቁን ገጥሞ በፔዳል ብቻ አየሩን ለማስወጣት መሞከር፣ በተለይ ሁለት ክፍል ባለው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ቧንቧ የሚገባበትን ላስቲክም አብረው ይቀይሩት፤ ከደረቀ ያፈስሳል፣ አየርም ያስገባል።

አራቱ ላስቲክ ቱቦዎች በዕድሜ ይደክማሉ። ረዳትዎ ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ ቱቦውን በእጅዎ ይዘው የሚነፋ ከሆነ ይሰማዎታል፤ ሲያጥፉት የሚሰነጠቅም ጊዜው አልፎበታል። አንድ ጎማ ብቻ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ ሳይፈታ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቱቦው ከውስጥ ተዘግቷል። ቱቦ አንዱ ሲያረጅ ሌሎቹም በዚያው ዕድሜ ላይ ስለሆኑ አራቱንም መቀየር ተገቢ ነው። ፋብሪካው በሜክሲኮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ይህን መኪና ሲሠራ ስለቆየ ዕቃው አሁንም ይገኛል፤ ሲገዙ ግን አሮጌውን ይዘው ሄደው ርዝመቱንና ጥርሱን ያመሳስሉ።

በቁልቁለት ላይ ብቻ የሚላላ ፔዳል

በከተማ ውስጥ ደኅና የነበረ ፔዳል ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከላላ፣ ምርመራው ሌላ ነው። እዚያ መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ፍሬን ላይ የተቀመጠ እግር ታምቡሩን ያግለዋል። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው ካልተያዘ ሸራው በሙቀት የመያዝ ኃይሉን አጥቷል። ፔዳሉ ጠልቆ ግን ጠንካራ ከሆነ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቷል። እንደ ስፖንጅ ከሆነ ግን ዘይቱ ፈልቶ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ተፈጥሯል። አዲስ የዶት 3 ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ሲስብ ይህ ልክ እስከ 140 ይወርዳል፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። በደጋ ከፍታ ላይ ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑ የታወቀ ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ስለሚጠነክር ባለቤቱ ችግሩ ያለፈ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ቁልቁለት ግን ይደገማል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥና ቁልቁለትን ገና ከጅምሩ በከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እየወረዱ ሳለ ከላላብዎት ፔዳሉን ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ ይሳቡ፤ የእጅ ፍሬኑ በገመድ ስለሚሠራ የዘይቱ መፍላት አይነካውም።

ሙከራ

መኪናው ከመደገፊያው ሲወርድ የጎማ ቡሎኖቹን አጥብቀው፣ ሞተር ሳይነሣ ፔዳሉን አሥር ጊዜ ያህል ይርገጡና ለአንድ ደቂቃ ይያዙት። ከዚያ ባዶ በሆነ ሜዳ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ 30 ላይ ይያዙት፤ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ የሁለቱን ጎማዎች ሸራ እንደገና ያስተካክሉ። መኪናውን አሳድረው በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ርግጫ ከትናንቱ ጋር ያወዳድሩ፤ ሌሊቱን የወረደ ፔዳል ያልታየ ማፍሰስ እንዳለ ይናገራል። አዲስ ሸራ ከገባ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ስምንቱም ማስተካከያዎች እንደገና ይታያሉ፤ ዘይቱ የተለወጠበትን ቀንም ጽፈው ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ይለጥፉት።